ዘፈናችሁን ውጭ አገር ለመሸጥ፦ ያለ አሳታሚ ለሚሠሩ ሙዚቀኞች ዝርዝር መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ በራሱ ገንዘብ አልበም የሠራ ሙዚቀኛ ስለ ውጭ ገበያ ሲያነሳ፣ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ስፖቲፋይ ላይ እንዴት ነው የሚጫነው?» እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ (ሰው በኢንተርኔት ሙዚቃ የሚያደምጥበት መድረክ ላይ) መጫኑ ቀላሉ ነው። ፋይሉ ከተዘጋጀና ኢንተርኔት ካለ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ከባዱ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በፊት፣ ዘፈኑ የማን እንደሆነ በወረቀት ማስያዝ። በኋላ፣ ገንዘቡን ተከታትሎ ኪስ ማስገባት።

የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ በ1985 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ዋሽንግተን ሆኖ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠራ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የሚባለው ሌብል (የሙዚቃ አሳታሚ) ባለቤት ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ሙዚቀኛውን ፈልጎ ደወለለት። ኃይሉ ያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፣ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ዕድሉ ነው። እኔ ግን ሁሌ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፦ ፈላጊው ሲደውል ስልክ የሚያነሳና ውል የሚፈርም ሰው ነበረ። ስንት የእኛ ዘፈን አለ፣ ፈላጊ መጥቶለት «ይሄ የማን ነው?» ሲባል መልስ የጠፋለት።

ስለዚህ ከዚያው እንጀምር።

1. መጀመሪያ ወረቀቱ

እኛ አገር ያለውን አሠራር ታውቁታላችሁ። ግጥም ከአንዱ፣ ዜማ ከሌላው ይገዛል። አቀናባሪው ስቱዲዮ አለው። ገንዘቡ በእጅ ይሰጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ በቃ። ዘፈኑ ሰፈር ውስጥ እስካለ ድረስ ችግር የለም። ውጭ ወጥቶ ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር ግን ገጣሚው «እኔ የሸጥኩት ለካሴት ነው እንጂ ለዩቲዩብ መቼ ሸጥኩ?» ይላል። እውነቱንም ሊሆን ይችላል።

ውጭ አገር አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። አንደኛው ድርሰቱ ነው፣ ማለትም ግጥሙና ዜማው። ሁለተኛው ቅጂው ነው፣ ስቱዲዮ ገብታችሁ የቀረጻችሁት ድምፅ፣ ማስተር የሚባለው። የሁለቱ ገንዘብ በተለያየ መንገድ ነው የሚመጣው፣ የሚሰበስቡትም የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው። ይሄንን ሳይለዩ መነሳት ነው ብዙ ሰው ግማሽ ገንዘቡን ሳያየው እንዲቀር የሚያደርገው።

ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ገጽ ወረቀት በቂ ነው። ይሄን ይመስላል፦

«የዘፈኑ ርዕስ፦ … ግጥም፦ እገሌ፣ 50 በመቶ። ዜማ፦ እገሊት፣ 50 በመቶ። ቅጂው፦ ዘፋኙ 80 በመቶ፣ አቀናባሪው 20 በመቶ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ሙሉ ክፍያውን በአንድ ጊዜ ተቀብሏል፣ ስሙ ይጠቀሳል። ስምምነቱ ዲጂታልን፣ ሸክላን፣ ፊልምንና ማስታወቂያን ይጨምራል፣ በመላው ዓለም። የውጭ ውል የመፈረም ሥልጣን የዘፋኙ ነው። ቀን፣ ፊርማ፣ ስልክ፣ ሁለት ምስክር።»

ቁጥሮቹ የእናንተ ስምምነት ናቸው። ዋናው «የመፈረም ሥልጣን» የምትለዋ መስመር ናት። የውጭ ሌብል ወይም የፊልም ሰው አምስት ሰው እየዞረ አያስፈርምም። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው።

ወረቀቱ የሚፈረመው መቼ ነው? ስቱዲዮ ክፍያው ሳያልቅ፣ ዘፈኑ ሳይታወቅ። ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ ማንም በ10 በመቶ አይስማማም። በቃል ያለ ይረሳል የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሦስት ነገር ደግሞ ቀድማችሁ አጣሩ። ቢቱን (ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የሙዚቃ ምት) ከዩቲዩብ ካወረዳችሁት ወይም በርካሽ ፈቃድ ከገዛችሁት፣ ያው ቢት በሌላ ሃያ ዘፈን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ዜማው የሕዝብ ከሆነ ቅንብሩን የእኔ ማለት ትችላላችሁ፣ ዜማውን ግን አትችሉም። ከድሮ ዘፈን ቆርጣችሁ ያስገባችሁት ድምፅ ካለ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ሁለት ሰከንድም ብትሆን።

ከአገር ውስጥ የዩቲዩብ ቻናል ወይም መተግበሪያ ጋር የፈረማችሁት ውል ካለም አውጥታችሁ እንደገና አንብቡት። «ዲጂታል መብት፣ በመላው ዓለም፣ ለዘለቄታው» የሚል ካለበት ውጭ የምትሸጡት ነገር የላችሁም፣ ሸጣችሁታል። ወደፊት ስትፈርሙ ጊዜውን (ሁለትና ሦስት ዓመት) እና መድረኩን (ዩቲዩብ ብቻ) በግልጽ አስገድቡ።

2. ለማን ነው የምትሸጡት?

ውጭ አገር ያለው ገበያ ሁለት ነው፣ አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም።

የመጀመሪያው የራሳችን ሰው ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው፣ ቶሮንቶ፣ ለንደን፣ ስቶክሆልም፣ ዱባይ። እስራኤል ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን አሉ። ይሄ አድማጭ ግጥም ይሰማል። ዩቲዩብ ላይ ያያል፣ ቲክቶክ ላይ ይጨፍራል፣ በቴሌግራም ለእኅቱ ይልካል። አልበም በዶላር ግዛ ብትሉት ብዙም አይሆንለትም። ለመድረክ ግን ትኬት ቆርጦ፣ ለብሶ፣ ሦስት ሰዓት ነድቶ ይመጣል። የሚመጣበትም ወቅት አለው፦ እንቁጣጣሽ፣ ፋሲካ፣ የፈረንጆች አዲስ ዓመት፣ በተለይ ደግሞ ከ1984 ጀምሮ ያለው የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የሐምሌ ሰሞን ውድድር። በዚያ ሳምንት ውድድሩ ያለበት ከተማ ሌሊቱን ሙሉ ኮንሰርት ነው።

ሁለተኛው ባዕዱ አድማጭ ነው። አንድ ቃል አማርኛ አይሰማም። የሚሰማው ምቱን፣ የትዝታንና የአንቺሆዬን ቅኝት፣ የክራሩን ድምፅ ነው። ይሄኛው ሸክላ ይገዛል፣ ባንድካምፕ ላይ (ሙዚቀኛ ሥራውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጥበት ድረ ገጽ ነው) ካሰባችሁት ዋጋ በላይ ይከፍላል፣ ፌስቲቫል ይሄዳል። በር የከፈተልን የፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ነው። በ2005 ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲገባ አድማጩ በዛ።

ይሄ በረከት ጣጣም አለው። ባዕዱ አድማጭ ኢትዮጵያ ሲባል በ1960ዎቹና 70ዎቹ የተቀረጸውን የነሐስና የኦርጋን ድምፅ ይጠብቃል። ያንን ለመምሰል መሞከር የሚያዋጣ አይመስለኝም። እንደሱ የሚጫወቱ ባንዶች ቦስተንም ጄኔቫም አሉ፣ በደንብም ይጫወቱታል። ሌላ መንገድ የሄዱትን ተመልከቱ፦ እንደገና ሙሉ (ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚለው ስሙ) እና ሚካኤል ሰይፉ አዲስ አበባ ሆነው የአገር ቤት ድምፆችን ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር አዋህደው በ2014 ሥራቸውን ያወጡት 1432 አር በሚባል ትንሽ የዋሽንግተን ሌብል በኩል ነው። የድሮውን አልቀዱም፣ ግን ከየት እንደመጡ በአንድ ደቂቃ ትሰሙታላችሁ።

የትኛው ገበያ የእናንተ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። ግጥሙን አውጥታችሁ ሙዚቃውን ብቻ ስሙት። ቆሞ ይሄዳል? ከሄደ ለሁለተኛው ሞክሩ። ካልሄደ የእናንተ ሰው ዲያስፖራው ነው፣ እሱም የሚናቅ ገበያ አይደለም። ቴዲ አፍሮ በ2017 የቢልቦርድን የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ 1ኛ ሆኖ ሲመራ ያንን ያደረገው በአብዛኛው የራሳችን ሰው ነው።

3. ዕቃውን ማዘጋጀት

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ዝርዝሩ አጭር ነው። ማስተሩ በዌቭ ፋይል፣ 24 ቢት። ሽፋኑ 3000 በ3000 ፒክስል፣ ስልክ ቁጥርና የዩቲዩብ አርማ የሌለበት። የዘፋኙ ድምፅ የሌለበት፣ ሙዚቃ ብቻ የሆነ ቅጂ፣ አሁኑኑ ከስቱዲዮ ሳትወጡ፣ ምክንያቱም ከሁለት ዓመት በኋላ የፊልም ሰው ሲጠይቃችሁ የአቀናባሪው ሃርድ ዲስክ ተቃጥሏል። የግጥሙ እንግሊዝኛ ትርጉም። ሁለት ጥሩ ፎቶ።

ስማችሁን በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ ወስኑና ለዘላለም አትቀይሩት። አንዱ አልበም ላይ በ«አይ»፣ ሌላው ላይ በ«ዋይ» ከተጻፈ ሲስተሙ ሁለት አርቲስት አድርጎ ይቆጥራችኋል፣ አድማጫችሁም ለሁለት ይከፈላል።

አይኤስአርሲ የሚባል ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ለእያንዳንዱ ቅጂ ይሰጣል። አከፋፋዩ (ዘፈናችሁን ለስፖቲፋይና ለመሰሎቹ የሚያደርሰው ድርጅት፣ ቀጥሎ እንመጣበታለን) በነፃ ይሰጣችኋል። ጻፉትና አስቀምጡት። አከፋፋይ ስትቀይሩ ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ ካልሄዳችሁ የሰበሰባችሁት የመደመጥ ቁጥር ከዜሮ ሊጀምር ይችላል።

4. አከፋፋይ መምረጥ

ስፖቲፋይም አፕል ሙዚክም ከግለሰብ በቀጥታ አይቀበሉም። መሃል ላይ አከፋፋይ አለ። ዲስትሮኪድና ቲዩንኮር በዓመት ያስከፍላሉ። ሲዲ ቤቢ ለአንድ ሥራ አንድ ጊዜ ያስከፍልና ከገቢው 9 በመቶ ይወስዳል። በዓመት ክፍያ ስትገቡ፣ ካርዳችሁ አንድ ዓመት ሳይሠራ ቢቀር ዘፈናችሁ ሊወርድ እንደሚችል አስቡ። የዶላር ካርድ እንደልብ በማይገኝበት አገር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። በዓመት አንድ ሥራ ለሚያወጣ ሰው እኔ አንድ ጊዜ የሚከፈልበትን እመርጣለሁ።

ከመመዝገባችሁ በፊት ግን የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ታስከፍላላችሁ?» ሳይሆን «እንዴት ነው የምትከፍሉኝ?» ነው። ብዙዎቹ የሚከፍሉት በፔይፓል ነው፣ ከኢትዮጵያ ሆኖ በፔይፓል ገንዘብ መቀበል ደግሞ ራስ ምታት ነው። በፔይኦኒር ወይም በቀጥታ ወደ ባንክ የሚልክ ፈልጉ፣ ለድጋፍ ክፍላቸው ጻፉና በጽሑፍ አረጋግጡ። ፎርሙ ላይ የምትሞሉት ስም ከፓስፖርታችሁና ከባንክ ደብተራችሁ ጋር በፊደል መመሳሰል አለበት። የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቆማል።

«ዳላስ ያለው አጎቴ በስሙ ይክፈትልኝ» የሚለው መላ የተለመደ ነው፣ ይሠራልም። ግን ገንዘቡ በአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ዓይን የአጎታችሁ ገቢ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ግብሩን ማን ይከፍላል? ከእሱም ጋር ወረቀት ተፈራረሙ። ዝምድና እንዲቆይ ከፈለጋችሁ በተለይ።

የምታወጡበትን ቀን ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ አድርጉት። ስፖቲፋይ ለፕሌይሊስት አዘጋጆቹ ዘፈን የሚቀበለው ከመውጣቱ በፊት ብቻ ነው፣ ቢያንስ ሰባት ቀን ቀደም ብሎ። ዛሬ ጭኖ ነገ የሚያወጣ ሰው ይሄ በር ተዘግቶበታል።

5. ሒሳቡ

ስትሪሚንግ (በኢንተርኔት መደመጥ) ስም ያወጣል እንጂ ለጀማሪ ቤት ኪራይ አይከፍልም። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ከቅጂው ገቢ ምንም አይከፍልም። ከዚያ በላይም ቢሆን አንድ ጨዋታ (አንድ ጊዜ መደመጥ) የሚያመጣው ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነው።

ባንድካምፕን አስተያዩት። አልበማችሁን በ8 ዶላር 100 ሰው ቢገዛው 800 ዶላር ነው። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል፣ 680 ይቀራል። ከዚያ ላይ የክፍያ ማስተላለፊያ ትንሽ ይነካል። ይሄንኑ 680 ዶላር ከስትሪሚንግ ለማግኘት፣ አንዱን ጨዋታ በቸርነት ግማሽ ሳንቲም ብናደርገው እንኳ 136,000 ጊዜ መደመጥ አለባችሁ። መቶ ሰው ማግኘት ይቀላል። የባንድካምፕ ችግሩ ያው ፔይፓል ነው፣ ስለዚህ በውጭ የሚኖር የባንዱ አባል ወይም ሌብል ካለ በእሱ በኩል ክፈቱት፣ በወረቀት።

ግብር። አሜሪካ ለውጭ ሰው ከሚከፈል ሮያሊቲ (የመብት ክፍያ)፣ አገሩ የግብር ስምምነት ከሌለው፣ 30 በመቶ እዚያው ትቆርጣለች። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ይሄ ስምምነት የላትም። አከፋፋዩም ዩቲዩብም ደብሊው-8ቤን የሚባል የግብር ፎርም እንድትሞሉ ይጠይቋችኋል። «30 ከተቆረጠ ለምን እሞላለሁ?» እንዳትሉ። ቅነሳው የሚነካው ከአሜሪካ አድማጭ የመጣውን ብቻ ነው፦ ከ100 ዶላር ገቢያችሁ 40ው ከአሜሪካ ቢሆን የሚቆረጠው 12 ዶላር ነው። ዩቲዩብ ላይ ፎርሙን ሳትሞሉ ከቀራችሁ ግን ከመላው ዓለም ገቢያችሁ 24 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል።

6. ሌሎች ያስቀመጡላችሁን ገንዘብ መሰብሰብ

ይሄንን ነው ሰው የማያውቀው። አከፋፋዩ የሚያመጣላችሁ የስትሪሚንግ ቅጂ ገንዘብን ነው። ሌላው ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

ሳውንድኤክስቼንጅ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት አለ። በሳተላይትና በኢንተርኔት ሬዲዮ ለተጫወተ ቅጂ ይሰበስባል። አከፋፈሉ በሕግ የተቀመጠ ነው፦ 50 በመቶ ለቅጂው ባለቤት፣ 45 በመቶ ለዋናው አርቲስት፣ 5 በመቶ ለአጃቢዎች። ሁለቱም እናንተ ከሆናችሁ በሁለቱም ስም ተመዝገቡ። እንደ አርቲስት ብቻ ተመዝግቦ 50ውን እዚያው የሚተው ሰው አለ። ምዝገባው በነፃ ነው።

ኤምኤልሲ ደግሞ በ2018ቱ የአሜሪካ ሕግ ተቋቁሞ በ2021 ሥራ የጀመረ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስትሪም ሲደረግ የሚመጣውን የድርሰት ገንዘብ፣ ማለትም የግጥምና የዜማውን፣ ይይዛል። አከፋፋያችሁ ይሄን አይሰበስብም። ምዝገባው እዚህም በነፃ ነው፣ የሚጠይቃችሁም መጀመሪያ ላይ የጻፋችሁትን ያንን ወረቀት ነው፦ ግጥም ማን፣ ዜማ ማን፣ ስንት በመቶ።

በመድረክና በሬዲዮ ለሚጫወት ድርሰት የሚሰበስቡት እንደ አሜሪካው አስካፕና ቢኤምአይ፣ የእንግሊዙ ፒአርኤስ፣ የፈረንሳዩ ሳሴም፣ የእስራኤሉ አኩም ያሉ ማኅበራት ናቸው። ከውጭ አገር ደራሲ የሚቀበለውን አንዱን ብቻ ምረጡ። አውሮፓ ፌስቲቫል ላይ የራሳችሁን ድርሰት ስትጫወቱ የዘፈን ዝርዝር ሙሉ ሲባል በጥንቃቄ ሙሉት፣ ገንዘብ ነው።

7. ደብዳቤው

ትናንሽ ሌብሎች፣ እንደ ሲያትሉ ኬኢኤክስፒ ወይም የለንደኑ ኤንቲኤስ ያሉ ሬዲዮዎች፣ የፌስቲቫል መራጮች፣ ሁሉም በቀን ብዙ ኢሜይል ይደርሳቸዋል። አጭር ጻፉ። የኛ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ሰላምታው ብቻ አንድ አንቀጽ ነው። ይሄን ያህል ይበቃል፦

«አዲስ አበባ የምኖር የዋሽንት ተጫዋችና አቀናባሪ ነኝ። አዲሱ ሥራዬ ዋሽንትን ከከበሮና ከቤዝ ጊታር ጋር ያዋሃደ፣ ስድስት ዘፈን ነው። ከሦስተኛው ጀምሩ። መብቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፣ ሙዚቃ ብቻ ቅጂም አለው። ሊንኩ እዚህ አለ።»

ፋይል አታያይዙ፣ ሊንክ ስጡ። «መብቱ የእኔ ነው» የምትለው መስመር ከሙገሳው ሁሉ ትበልጣለች።

ሌብል ፍላጎት ካሳየ አትቸኩሉ። ማስተሩን አትሽጡ፣ በፈቃድ አከራዩ፦ ለአምስት ወይም ለሰባት ዓመት፣ ወጪ ከተነሳ በኋላ ትርፉ እኩል። ወጪ የሚባለው ምን ምን እንደሆነ ይዘርዘር፣ አለዚያ የሌብሉ ባለቤት ምሳም ወጪ ይሆናል። በዓመት ሁለት ጊዜ የሒሳብ መግለጫ ይላክ። ሸክላ የሚታተም ከሆነ አውሮፓ ታትሞ ከዚያው ይሸጥ። ከአዲስ አበባ አንድ በአንድ በፖስታ መላክ ትርፉን ይበላዋል።

ፊት ለፊት ለመገናኘት በየዓመቱ አውሮፓ የሚካሄደው ዎሜክስ፣ የራባቱ ቪዛ ፎር ሙዚክና የዛንዚባሩ ሳውቲ ዛ ቡሳራ የሚባሉ የሙዚቃ ሰዎች መገናኛዎች አሉ። ማመልከቻ ከወራት በፊት ነው የሚዘጋው። በቪዲዮ የሚመርጡ ስለሆነ፣ በአንድ ካሜራም ቢሆን መድረክ ላይ በቀጥታ ስትጫወቱ የተቀረጸ ይኑራችሁ። ክሊፕ አይፈልጉም።

8. መድረኩ

ለአሜሪካ መድረክ በጉብኝት ቪዛ ሄዳችሁ ተከፍሏችሁ ብትዘፍኑ ሕገወጥ ነው፣ ቀጣዩን ቪዛም ያበላሻል። ለባህል ሙዚቃ የሚስማማው ፒ-3 የሚባለው ነው። አመልካቹ እናንተ ሳትሆኑ አሜሪካ ያለው ጋባዥ ነው፣ አይ-129 በሚባል ፎርም። የሙያ ማኅበር አስተያየትም ይያያዛል። ወራት ይፈጃል። «ቪዛውን አትጨነቅ፣ በሁለት ሳምንት አወጣዋለሁ» የሚል አዘጋጅ ካጋጠማችሁ ስለ ሥራው አያውቅም ማለት ነው፣ ወይም ያውቃል።

አሜሪካ ውስጥ ከመድረክ ክፍያም 30 በመቶ ሊቆረጥ ስለሚችል፣ የምትስማሙበት ዋጋ ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ውሉ ላይ ይጻፍ። ከዲያስፖራ አዘጋጆች ጋር ስትዋዋሉ ደግሞ ግማሹ ክፍያ ከመሳፈራችሁ በፊት ይግባ፣ ቀሪው መድረክ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት። በኋላ የሚባል ነገር የለም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሽ ውስጥ ገንዘብ ያዡን ፈልጎ ያገኘ ሙዚቀኛ አላውቅም። የደርሶ መልስ ትኬቱ በእጃችሁ ይሁን። ቲሸርትና ሸክላ ይዛችሁ ከሄዳችሁም ጠረጴዛው ላይ የሚቆም ሰው ቀድማችሁ አዘጋጁ። ሰው የሚገዛው ከመድረክ በወረዳችሁ በመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው፣ እናንተ ደግሞ ያን ጊዜ ፎቶ እየተነሳችሁ ነው።